ሕመም የማያውቀው ክርን

የከባድ ሚዛን ቡጢኞች ሕመም ከገላቸው እንዲወገድ ከተደነገገ ወዲህ ናደውን የሚያሸንፍ አልተገኘም። አንድ እሑድ ሕፃን ልጁን ሊያጥብ ሳፋ ውስጥ ውኃ እየቀዳ፣ በዘመናቸው ሻምፒዮን የነበሩትን አባቱን፣ «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ በጉልምስናዎ ብንገጥም ያሸንፉኝ ነበር?» አላቸው።

«አንተማ በሁለተኛው ዙር ትዘርረኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው እየሳቁ፤ «እኔ እኮ ስመታ ያመኝ ነበር!»

ናደው ደስ አለው። እሳቸው እንዳስለመዱትም የውኃውን ሙቀት ሊለካ ክርኑን ነከረ፤ ምንም ስላልተሰማው ሕፃኒቱን ሊያስገባ ብድግ አደረጋት።

«ተው!» ብለው ጮኹ አባቱ። የናደው ክርን እንደ በርበሬ ቀልቶ ቆዳው ተልጦ ነበር። «ልጄ፣ ይኽ አያምህም?» አሉት፤ ሕፃኒቱንም ከእጁ ተቀበሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕፃኒቱን የሚያጥቧት አያቷ ናቸው። ያልተሸነፈው ልጃቸው ፎጣ ይዞ በር ላይ ይቆማል።