ያልተነቀለው ገመድ

አሸናፊው ዋንጫውን እንደታቀፈ፣ እንደ ወጉ ተሸናፊውን ሊጨብጥ መድረኩን ተሻገረ። የውድድሩ ኃላፊ ሊጉ ለከርሞ ይኑር አይኑር እሱም እንደማያውቅ ተናግሮ ገና መውረዱ ነበር። ተሸናፊው ግን ማዳመጫውን ከጆሮው አላወለቀም። ሁለቱም በዚህ የኮምፒውተር ጨዋታ ለዓመታት ሲፋለሙ ፀጉራቸው ሸሽቷል።

«አኮረፍክ እንዴ፣ ሽማግሌው?» አለው አሸናፊው።

«የምን ኩርፊያ! ሂድ ተቀመጥ፤ አዲስ ጨዋታ ከፍቼ እየጠበቅኩህ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሊጉ እኮ ሊዘጋ ነው!»

«ታዲያ የሚጫወተው ሊጉ ነው?»

አሸናፊው ሳቁ አመለጠው። ዋንጫውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። የኮምፒውተሮቹን ገመድ ሊነቅል የመጣው ሠራተኛ ካጎነበሰበት ቀና አለ። «በሉ ቶሎ ጨርሱ፣ ሥራ አለብኝ» አላቸው፤ ከዚያ ጠቅልሎ የጨረሰውን ሌላ ገመድ ፈታና እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ መጠቅለል ጀመረ።