ከቮልሷ ላይ የሚቀረው

ብዙወርቅ በጨርቅ የጠቀለለችውን ማግኔት ወደ ቮልሷ በር አስጠጋች። ሳብ አድርጎ ያዘው። ወደ ታች አወረደችው፤ ያዘ። ጎንበስ ብላ ከጎማው በላይ ያለውን ክብ ላሜራ ሞከረች፤ እዚያም ያዘ።

"እንደ ሐኪም ዳበስሻት እኮ፣ ልጄ" አሉ የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ሰቦቃ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው።

"አይፍረዱብኝ ጋሼ። አንዴ ተቃጥያለሁ።"

እውነቷን ነው። ዓምና የገዛቻት ቮልስ ከሩቅ ስትታይ ሙሽራ ትመስል ነበር። ክረምቱ ሲገባ ቀለሟ አበጠና ተላጠ፤ የበሰበሰው ጎኗ ማግኔት በማይይዘው ስቱኮ ተለስኖ ኖሯል። ባሏ ዘአማኑኤል እስከ ዛሬ "ሚስቴ ሊጥ ገዝታ መጣች" እያለ በየዘመዱ ቤት ያስቅባታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ ወዲህ ማግኔት ሳትይዝ መኪና ለማየት አትወጣም።

ይህቺኛዋ ግን ሌላ ናት። የቆመችው አቃቂ፣ ከብት በሌለበት የከብት በረት ውስጥ ነው። የጋሽ ሰቦቃ የጤፍ ማሳ ዛሬ መጋዘን በመጋዘን ሆኗል፤ በሬዎቹም አንድ በአንድ ተሸጠው አልቀዋል። ገመዶቻቸው ብቻ በግድግዳው ላይ በየሚስማሩ ተንጠልጥለዋል። ብዙወርቅ አየት አደረገቻቸውና ዓይኗን ወደ ቮልሷ መለሰች። ነጩ መሪ አንድ ስንጥቅ የለበትም። አራቱም የቸርኬ ክዳኖች አሉ። ሬዲዮኗ ሳትቀር ከፋብሪካ እንደ ወጣች ናት። ለዓመታት ስትፈልግ የኖረችው ይህንን ነበር፤ አንዲት ብሎን ያልተለወጠባት ቮልስ። ደስታዋ እንዳይታወቅባት ከንፈሯን ነከሰች።

ሞተሯን አስነሡላት። ጠር ጠር አለና ተረጋጋ።

"በእንግዳ ፊት አሳፍራኝ አታውቅም" አሉ ጋሽ ሰቦቃ።

ዋጋውን ቀደም ብለው ጨርሰዋል። ብዙወርቅ እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው ጨበጧትና ሳይለቋት ቆዩ።

"አንድ ነገር አለ። ከእሷ ላይ አንድ ነገር እኔ ዘንድ ይቀራል።"

"ምን ይቀራል?"

"ከዚህ በረት የወጣ ሁሉ አንድ ነገር ትቶልኝ ነው የሚሄደው። ሁሉን ይዞ የሄደ እንደሆነ የቤቱን በረከት አብሮ ይወስደዋል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።"

"እሺ፣ ግን ምኗን ነው የሚያስቀሩት?"

"ቀድሞ አይነገርም። ከተነገረ ድርድር ይሆናል። እሺ ትያለሽ ወይስ አትይም?"

ብዙወርቅ ነጩን መሪ አየች። መሪውን ቢሉስ? ከክዳኖቹ አንዱን ቢሉስ? መርካቶ ሱማሌ ተራን ብትገለብጠው እንኳ ምትኩን አታገኝም። እምቢ ብላ እንዳትሄድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደላላው ሻፊ ሌላ ገዢ ይዞ ይመጣል፤ ሰውየው ጣሪያዋን ቆርጦ ለሰርግ ሊያከራያት እንዳሰበ ሻፊ ራሱ በስልክ ነግሯታል። አንድ ነገር ጎድሏት ብትወስዳት ይሻላል፣ ከምትቆረጥ።

"እሺ" አለች።

"ዳሲቱ! ካቻቢቴውን አምጪልኝ!"

ሚስታቸው እማማ ዳሲቱ እጀታው የተላጠ ካቻቢቴ ይዘው ከጓዳ ወጡ። "ቀስ ይበሉ እንግዲህ፣ ቀለሟን እንዳይጭሩት" አሉ። ብዙወርቅ ካቻቢቴውን ስታይ የቀረ ተስፋዋ ተሟጠጠ። ሊፈታ ነው። የሚፈታ ነገር ነው የሚወስዱት።

ጋሽ ሰቦቃ መኪናዋን ዞሯት። የቸርኬውን ክዳን ነካ አደረጉና አለፉት። መስታወቱን በእጅጌያቸው ወለወሉና አለፉት። በስተመጨረሻ ከፊት ለፊቷ ቆሙ፤ የሚያብረቀርቀው ምልክቷ ካለበት። ጎንበስ ብለው የካቻቢቴውን ጫፍ ወደዚያው ሰደዱ። ብዙወርቅ ዓይኗን ጨፈነች።

ጠቅ አለ።

ዓይኗን ስትገልጥ ምልክቷ በቦታው ነው። የፊት ክዳኗ ተከፍቷል፤ ለካ መቆለፊያው እየነከሰ አስቸግሯቸው ኖሯል። ጋሽ ሰቦቃ እጃቸውን ከዕቃ መጫኛው ውስጥ ከተው ጭቃ የደረቀበት፣ ሦስት ቦታ የተቋጠረ ገመድ ጎትተው አወጡ።

"ይቺን ነው" አሉ። "ክረምት ኮትቻው ጭቃ ሲውጣት በሬዎቼ ቡሬና ዳለቻ በዚህ ነበር የሚያወጧት። በሬም ሲሸጥ ገመዱ አይሸጥም።"

ብዙወርቅ በረቱ ደፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና ሳቀች፤ ሳቋ መሐል እንባ መጣባት።

"ምነው ልጄ፣ ገመዱን ፈልገሽው ነበር እንዴ?"

"ኧረ ጋሼ! ያስቀሩት! እባክዎን ያስቀሩት!"

ቁልፉን ተቀብላ ከመሪው ኋላ ስትቀመጥ ጋሽ ሰቦቃ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

"ጣሪያዋን... አታስነኪያትም አይደል?"

"በሕይወት እያለሁ አይነካም ጋሼ።"

ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ለካ እሳቸውም ትቆረጣለች ብለው እንቅልፍ አጥተው ነው የሰነበቱት። መዳፋቸውን ጣሪያዋ ላይ አሳርፈው "መንገዱ ይቅናችሁ። ጎታች አያሻችሁ" ብለው መረቁ።

ቮልሷ ጠር ጠር እያለች ከግቢው ወጣች። ብዙወርቅ ከመታጠፏ በፊት በስፖኪዮው ወደ ኋላ ተመለከተች። በረቱ ወለል ብሎ ይታያል። ከበሬዎቹ ገመዶች አጠገብ ዝገት ያልነካው አዲስ ሚስማር ተመትቷል፤ ጋሽ ሰቦቃ ገመዱን እሱ ላይ አንጠልጥለው ቋጠሮዎቹን በእጃቸው እያስተካከሉ ነበር።