የዓሣው ቢላዋ

በየዓመቱ ነሐሴ፣ ፍልሰታን እየጾመች፣ ባሏና ዋርሳዋ ሦስቱም ከሚሄዱበት የሰሜን ሐይቅ ያጠመዱትን ዓሣ የምትፍቀው እሷ ነበረች። እነሱ ጠብሰው ሲበሉ፣ እሷ ሽታው እንዲለቅላት እጇን በሎሚ ታሻለች። "መፋቅ ጾም አያስገድፍም" ይላታል ባሏ፣ ሁሌ ይህችኑ።

ዘንድሮም ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ ወንድማማቾቹ ካርታ ዘርግተው የጉዞውን መንገድ ሲመርጡ፣ ባሏ ቀና እንኳ ሳይል፣ እንደ ልማዱ ጣሊያንኛ ቀላቅሎ፣ "አሎራ፣ እንግዲህ፣ ቢላዋውን እንዳትረሺ" አላት።

"እትዬ ደግሞ መቼ ረስታ ታውቃለች!" ብሎ ዋርሳዋ ሳቀ።

ቢላዋውን ከመሳቢያ አወጣችና ካርታው ላይ፣ እሐይቁ መሃል ወረወረችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

"ዘንድሮ አንተ ትፍቃለህ።"

"አንቺስ?"

ከበሩ ኋላ የቆመውን የባሏን የመንጠቆ ዘንግ አነሳችና ከራሷ ሻንጣ ጋር ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

"ማጥመድም ጾም አያስገድፍም" አለችው።