ዘጠኝ መቶ ሜትር

ጸሐይወርቅ የሞተችው በ1970 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠበች ሳለች ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ካለው ወንዝ ዳር ተንበርክካ የአባቷን ካኪ ሱሪ ስትጨምቅ፣ አንድ ጥይት በጀርባዋ ገብቶ በደረቷ ወጣ። አብራት ታጥብ የነበረችው ጓደኛዋ ገዲሴ አዳልጧት የወደቀች መስሏት ነበር።

ያን ሰሞን በላፍቶም ሆነ በሀና ማርያም ተኩስ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን አልነበረም። ማን እንደ ተኮሰ ደፍሮ የጠየቀ የለም። ሰው ሁሉ ግን በልቡ ገሠሠን ያዘ። ገሠሠ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው። ልጅቷን ለጋብቻ ጠይቆ እምቢ ብላዋለች። ስትሞትም ድንኳን እንዳይተከል፣ የለቅሶ ድምፅ እንዳይሰማ ያዘዘው እሱ ነው።

አባቷ ሙሉሰው አላለቀሰም። በአራተኛው ቀን ምንሽሩን አንግቶ ወደ ዘበኝነቱ፣ ወደ ሳሙና ፋብሪካው በር ተመለሰ። በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ግን ላፍቶ፣ ባሻ ጉርሜሳ ቤት ሄደ።

ባሻ ጉርሜሳ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ወታደር ተኩስ ያስተማረ ሰው ነው። ሙሉሰው ከአንድ ደብተርና ከአንድ እርሳስ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም።

«ጥይት ሩቅ ሲሄድ እንዴት እንደሚሄድ ያስተምሩኝ» አለ።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ባሻ ፊቱን አየና በርጩማ አቀረበለት።

በመጀመሪያው እሑድ ጥይት ቀጥ ብሎ እንደማይሄድ አስተማረው። ከአፈሙዙ ከወጣ ጀምሮ እየወደቀ ነው የሚሄደው፤ ሩቅ የሚደርሰው ተኳሹ አፈሙዙን ከፍ ስለሚያደርገው ነው። በሁለተኛው እሑድ አየር እንዴት እንደሚያዘገየው፣ ነፋስ እንዴት ወደ ጎን እንደሚገፋው ነገረው። ሙሉሰው ሁሉንም ይጽፋል። በየገጹ ግርጌ እንደ ደጋን የጎበጠ መስመር ይስላል።

«የኅዳር ነፋስ ከሰዓት በኋላ ከየት ይመጣል?» ብሎ ጠየቀ አንድ ጊዜ።

«ከምሥራቅ። ብዙ ኃይል የለውም።»

በሦስተኛው እሑድ ደግሞ እንዲህ አለ፦

«አሥራ አራት መቶ ሜትር ላይ ሰው መምታት ይቻላል?»

«አልሞ መምታት በኛ ጠመንጃ ያስቸግራል።»

«ጥይቱ ግን ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«ደርሶ ይገድላል?»

«ይገድላል።»

የእርሳሱ ጫፍ ተሰበረ። ሙሉሰው በጥርሱ ቀረጸው።

«የተመታው ሰው የተኩሱን ድምፅ ይሰማል?»

«አይሰማም። ጥይቱ ይቀድማል።»

«ይሻላል» አለ ሙሉሰው፤ ጻፈው።

እሱ ሲሄድ የባሻ ሚስት ደራርቱ ከጓዳ ወጣች።

«ከፋብሪካው በር እስከ ቀበሌው በረንዳ ምን ያህል ይሆናል?»

«አሥራ አራት መቶ ግድም» አለ ባሻ።

ገሠሠ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በዚያ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

«የቀሩት ሁለት ልጆቹ ምን ሊሆኑ ነው?» አለች ደራርቱ። «ገሠሠ ከሞተ ጓዶቹ ቤታቸውን ከነነፍሳቸው ነው የሚያጠፉት። ተው በለው እንጂ።»

«ተው ብለው ይተዋል? ያለኔ ይሞክረዋል።»

ባሻ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስብ ሰነበተ።

በአራተኛው እሑድ ሙሉሰው አልተቀመጠም። ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አመልካች ጣቱን ጋደም አደረገው።

«አፈሙዙ ይህን ያህል፣ እጅ ተዘርግቶ አንድ ጣት ያህል ከፍ ቢል፣ ጥይቱ የት ይወድቃል?»

ባሻ አሮጌውን የማሠልጠኛ መጽሐፍ አንሥቶ ገለጠ። መግለጥ አያስፈልገውም ነበር። መጽሐፉ አሥራ ሁለት መቶ ሜትር ይላል። የተጻፈው ግን ለቆላ አገር ነው፤ የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ጥይትን እምብዛም አይዝም፤ ሁለት መቶ ይጨመርበታል። ይህን ለስንት ምልምል ወታደር በቃሉ አስጠንቷል።

«ዘጠኝ መቶ» አለ።

በዚህ ቁጥር የሚሠራ ሰው አፈሙዙን ከሚገባው በላይ ያነሣል። ጥይቱ ከበረንዳውም ከጣሪያውም በላይ አልፎ፣ ማዶ ሰው የማይደርስበት ገደል ውስጥ ይወድቃል። ገሠሠም አይሞትም፣ የሙሉሰው ልጆችም ይተርፋሉ። ባሻ በዕድሜው ስለ ተኩስ ሲዋሽ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«እርግጠኛ ነዎት ባሻ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

«ከዚያ አያልፍም?»

«አንድ ክንድ አያልፍም።»

ሙሉሰው ቁጥሩን ጻፈ። ከሥሩ አሰመረበት። ከዚያ ደብተሩን ፊቱ ላይ አድርጎ ማልቀስ ጀመረ፤ በቀብሯ ዕለት የተከለከለውን ለቅሶ፣ ድምፁን ለቆ። ደራርቱ ፈጥና የግቢውን በር ዘጋች። ባሻ ትከሻውን ያዘው።

ብዙ ቆይቶ ጸጥ ሲል ሙሉሰው ጎንበስ ብሎ የባሻን ጉልበት ሳመ። ፊቱ ልጁ ከመሞቷ በፊት የነበረውን ፊት መስሎ ነበር።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ባሻ» አለ። «ያን ማክሰኞ የፋብሪካው አጥር ላይ መፈክር የሚጽፉ ልጆች መጥተው፣ ተኩስ ተባልኩ፤ የሰው ልጅ እንዳልገድል ብዬ ከራሳቸው በላይ አንድ ጣት ከፍ አድርጌ ተኮስኩ፤ እንግዲህ የኔ ጥይት ልጄ ጋ አልደረሰም ማለት ነው።»