የእማማ አሻራ

መርማሪው የአሻራ ቀለሙን ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «የእናትሽ ድጎማ እንዲቀጥል አሻራቸውን ራሴ መውሰድ አለብኝ።»

ልብስ ታጥብ የነበረችው ሴት ከሳፋው ተነሳች። ፊቷ አመድ መስሏል። «አሟት ተኝታለች፤ ልቀስቅሳት» ብላ ክፍሏን ለሁለት ከከፈለው መጋረጃ ጀርባ ገባች። ወዲያው የአሮጊት ሳል ተሰማ።

«መነሳት አቅቶኝ ነው ልጄ፣ አትቀየመኝ» አለ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። በመጋረጃው ጠርዝ በኩል አንድ እጅ ተዘረጋ። መርማሪው የተዘረጋለትን አውራ ጣት ያዘ። የተዘረጋው ክንድ ላይ የልብስ ሳሙናው አረፋ ገና አልደረቀም።

ቀለሙን ሳያስነካው ቆየ።

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከሞቱ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

የያዘው እጅ አልሸሸም። መጋረጃው ብቻ ተርገበገበ።

«ሦስት ወር ሆነኝ፣ ልጄ» አለ ያው ያረጀ ድምፅ። «ብቻዋን ጥያት ነው የሄድኩት።»