ማሆጋኒው ለሁለት

ታላቅየው መጋዙን ጣውላው መሀል ላይ አሳረፈ። የጠረጴዛውን እግሮች ነቅለው ፊቱን ብቻ በሁለት ወንበር ላይ አጋድመውታል። ታናሽየው እንዳይነቃነቅ ባንደኛው ጫፍ በሁለት እጁ ተጭኖታል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ሁለቱ ተጋግዘው ሲሠሩ እናትየው ገና ዛሬ ማየቷ ነው።

ጦሱን ያመጣችው ራሷ ናት። ባሏ በገዛ እጁ የሠራውን የማሆጋኒ ጠረጴዛ «ለእኔ ነው የሚገባው»፣ «የለም ለእኔ ነው» እያሉ ሲነታረኩ ቢሰለቻት፣ «በሉ ቆርጣችሁ ተካፈሉት» አለቻቸው። አፍረው የሚተዉት መስሏት ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና ይኸው መጋዝ መጣ።

«ግማሽ ጠረጴዛ ምን ያደርግላችኋል?» አለች።

«አንቺው ነሽ የፈረድሽው፣ እማዬ» አለ ታላቅየው።

«ሙሉውን እሱ ከሚወስደው ግማሹ ይሻለኛል» አለ ታናሽየው፣ ወንድሙን ቀና ብሎ ሳያይ።

ማሆጋኒ ለመጋዝ ገር ነው። ቀይ ሰጋቱራው ወለሉ ላይ ይረግፍ ጀመር። ምስጥ ያልደፈረው፣ ስንት ክረምት አልፎበት ያልተጣመመ እንጨት ነው። ላዩ በዕድሜ ጠቁሯል፤ ሲቆረጥ ግን ውስጡ ባሏ የላገው ዕለት እንደነበረው ቀላ ብሎ ታየ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ መጋዙ ተቀረቀረ። ጎሽ፣ እምቢ በላቸው አለች በልቧ።

ታላቅየው ጎተተ፣ ገፋ፤ ወይ ፍንክች። ታናሽየው መጥቶ አብሮት ጨበጠ። ሁለቱ ተናደው ሲታገሉት ጣውላው ጠርዙ ላይ ጠሽ ብሎ ተሰነጠረ።

የአናጢ ሚስት ነችና ምክንያቱ አልጠፋትም። መሀሉን የሚደግፈው ስለሌለ እንጨቱ ወደ ታች ሰምጦ መጋዙን ነክሶታል። መቆረጡንስ ትችለው ነበር፤ መሰንጠሩን ግን አልቻለችም።

ተንበርክካ ከጣውላው ሥር ገባች። ከቁርጡ ወዲህና ወዲያ በሁለት መዳፏ ደግፋ ወደ ላይ ገፋችው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቀስ እያላችሁ ቁረጡ» አለች። «አትታገሉት።»

መጋዙ እንደ ልቡ ይመላለስ ጀመር። ሰጋቱራው ፀጉሯ ላይ እየወረደ፣ የአንዱ ድርሻ በግራ፣ የሌላው በቀኝ መዳፏ ላይ ቀስ በቀስ እየከበዳት መጣ።