ያልተነገረ አድራሻ

ሹፌሩ ሳይጠይቅ ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ አበራ። ከኋላ የተቀመጠው የሕግ ፕሮፌሰር ያነበው የነበረውን ሰነድ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ሚኒስትር ሆኖ ሥራ የጀመረው በዚያው ዕለት ነበር፤ ቤቱ የት እንደሆነ ለዚህ ሰው አልነገረውም።

«አቁም» አለ። «ቤቴን ማን አሳየህ?»

ሹፌሩ መኪናውን ጥግ አስይዞ በመስተዋቱ አየው። «ክቡር ሚኒስትር፣ ከሌላ ከሚሰሙት እኔው ብናገር ይሻላል። በተቃዋሚነትዎ ዘመን አራት ዓመት ሙሉ የተከተልኩዎት እኔ ነኝ። እርስዎ ደግሞ በእግር ነበር የሚሄዱት፤ እግረኛን በመኪና መከተል ምን ያህል ፍዳ እንደሆነ አይጠይቁኝ።»

ፕሮፌሰሩ አልሳቀም። ሰውን በስውር መከታተል ሕገ ወጥ ነው እያለ ሃያ ዓመት አስተምሮ ነበር፤ ታስሮበትም ነበር። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቤቱ ድረስ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ማለቱን አላቆመም። ድንገት በእሱ ምትክ የተቃዋሚው ፓርቲ ሊቀመንበር የሆነው የልብ ወዳጁ ትዝ አለው። ፕሮፌሰሩ የሚኒስትርነቱን ሹመት በተቀበለ ዕለት ይኸው ወዳጁ «ሸጥከን» ብሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩን አንስቶለት አያውቅም። አሁን ከማን ጋር እየዋለ ይሆን?

«የሊቀመንበራችንን ቤትስ ታውቀዋለህ?» ሲል ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ።

«ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ ጭምር፣ ክቡር ሚኒስትር።»

ፕሮፌሰሩ እግሩን ወደ ውስጥ ሰብስቦ በሩን ዘጋ።